የሞዴል ሎኮሞቲቭ መንኮራኩርን ወደ እውነተኛው መጠን ማቅረብ፦ ከካሊፐር እስከ ቶርኖ

ሎኮሞቲቫችሁን ሐዲድ ላይ አቁሙ፤ ጎንበስ ብላችሁ ዓይናችሁን ከሐዲዱ ከፍታ ጋር አስተካክሉና ከፊት ለፊት ተመልከቱት። ከጎን ሲያዩት እንከን የማይወጣለት ሞዴል ከዚህ አቅጣጫ እግሩ ላይ ይጋለጣል። መንኮራኩሮቹ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ወፍራም ናቸው፤ ከሐዲዱ አናት በታች የሚወርደው ከንፈራቸው ከልክ ያለፈ ነው፤ መንኮራኩሮቹን የሚሸከመው ክፈፍ (ቦጊው) ደግሞ እነሱን ለመሸፈን ወደ ጎን ተለጥጧል። የበሩን እጀታ በፀጉር ቅጥነት የሠራ ፋብሪካ መንኮራኩሩን እንዲህ መተዉ ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖሯል። ችግሩ መፍትሔ አለው፤ ትዕግሥትና ጥሩ መለኪያ ግን ይጠይቃል።

ምሳሌዬ 1 ለ 87 በሆነው በኤች ኦ ልክ የተሠራ የጀርመን 218 ዓይነት የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ነው። አራት አክስል፣ ሁለት ቦጊ፣ መንኮራኩሮቹን የሚያያይዝ የውጭ ዘንግ የለውም፤ ስለዚህ ለመጀመሪያ ሥራ ይመቻል። የእውነተኛው ሎኮሞቲቭ መንኮራኩር ዲያሜትር 1,000 ሚሊሜትር በመሆኑ ስሌቱም አያስቸግርም። የምገልጸው ሥራ በሁለቱ ሐዲዶች ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚወስዱ ባቡሮችን ብቻ ይመለከታል። መካከል ላይ ሦስተኛ መስመር ያላቸው ሥርዓቶች ሐዲዳቸው ለጥልቅ ከንፈር ታስቦ ስለተሠራ አትንኳቸው።

በመጀመሪያ ቁጥሮቹ

ከዚህ በኋላ የመንኮራኩሩን የውስጥ ከንፈር በብረታ ብረት ሠራተኞች ልማድ ፍላንጅ፣ ሐዲዱን የሚረግጠውን ክፍል ደግሞ መርገጫ እላለሁ።

በአውሮፓ መደበኛ መስመር ላይ የሚሄድ መንኮራኩር ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 135 ሚሊሜትር፣ የፍላንጁ ቁመት 28 ሚሊሜትር ገደማ፣ በአንድ አክስል ላይ ባሉት ሁለት መንኮራኩሮች ጀርባና ጀርባ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 1,360 ሚሊሜትር ነው። እነዚህን ለ87 አካፍሉ፦ ውፍረቱ 1.55፣ ፍላንጁ 0.32፣ የጀርባ ለጀርባው ርቀት 15.63 ሚሊሜትር ይሆናል። አሁን ካሊፐራችሁን አንሥታችሁ ሞዴሉን ለኩ። ውፍረቱ 2.8 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ፍላንጁ ከ1 ሚሊሜትር በላይ፣ ጀርባ ለጀርባው 14.4 አካባቢ ቢሆን አትደነቁ። ፍላንጁ ከእውነተኛው ከሦስት እጥፍ በላይ ጠልቋል ማለት ነው።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ፍላንጁን ነው። እኔ ግን ሞዴሉን ይበልጥ የሚያበላሸው ሌላ ልኬት ይመስለኛል፤ እርሱም ከአንዱ መንኮራኩር የውጭ ፊት እስከ ሌላው የውጭ ፊት ያለው ጠቅላላ ስፋት ነው። በእውነተኛው ላይ ይህ 1,360 ሲደመር ሁለት ጊዜ 135፣ ማለትም 1,630 ሚሊሜትር ነው፤ በልኩ 18.74 ሚሊሜትር ይሆናል። በሞዴሉ ላይ ግን 14.4 ሲደመር ሁለት ጊዜ 2.79፣ ማለትም 19.98 ሚሊሜትር ነው። የ1.24 ሚሊሜትር ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ በእውነተኛው ዓለም ሲታሰብ ግን ከ10 ሴንቲሜትር ይበልጣል። ቦጊው ወደ ውጭ የተገፋው በዚህ ምክንያት ነው።

የአሜሪካው የሞዴል ባቡር ማኅበር ኤን ኤም አር ኤ አር ፒ 25 በሚለው ምክሩ የመንኮራኩርን ቅርጽ ዘርዝሯል። በዚያ አሠራር «ኮድ» የሚባለው ቁጥር የመንኮራኩሩ ውፍረት በኢንች ሺኛ ነው። ኮድ 110 ማለት 2.79 ሚሊሜትር፣ ኮድ 88 ማለት 2.24 ሚሊሜትር ነው። ኮድ 64 ደግሞ 1.63 ሚሊሜትር ሲሆን ሁሉንም ነገር በትክክለኛው ልክ የሚሠሩት የፕሮቶ 87 ሰዎች የሚጠቀሙበት ነው።

ኮድ 88ን በዚያው በ14.4 ጀርባ ለጀርባ ርቀት ላይ አስቡት፦ 14.4 ሲደመር ሁለት ጊዜ 2.24፣ 18.88 ሚሊሜትር ይሆናል። ከእውነተኛው 18.74 የሚርቀው በ0.14 ሚሊሜትር ብቻ ነው! መንኮራኩሩ በራሱ አሁንም ከልኩ ይወፍራል፤ ነገር ግን ትርፉ በሙሉ ወደ ውስጥ ስለተደበቀ የውጭ ፊቱ መቆም ባለበት ቦታ ቆመ። ለዚህ ነው ኮድ 88ን የምመክረው። ፕሮቶ 87 ውብ ነው፤ ነገር ግን 0.3 ሚሊሜትር ፍላንጅ ያለው ሎኮሞቲቭ እያንዳንዱ አክስል በስፕሪንግ እንዲንሳፈፍ፣ ሐዲዱና መስመር ከመስመር የሚለይበት መገንጠያው ሁሉ እንደ አዲስ እንዲሠራ ያስገድዳል። ያ የዓመታት ሥራ ነው።

መንኮራኩሩን ከመንካታችሁ በፊት መገንጠያውን ለኩ

ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ እኔም የመጀመሪያውን ቦጊ ሠርቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው የተማርኩት። መንኮራኩርና ሐዲድ አንድ ማሽን ናቸው። አንዱን ብቻ ከለወጣችሁ ሌላው ይቃወማል።

ሁለት መስመሮች በሚቆራረጡበት የመገንጠያው ልብ ላይ ፍላንጁ እንዲያልፍ ክፍተት ይተዋል፤ ይህ ክፍተት የፍላንጅ መተላለፊያ ነው። መንኮራኩሩ ያንን ክፍተት ሲሻገር ለአፍታ ግማሽ ውፍረቱ በአንዱ ሐዲድ፣ ግማሹ በሌላው ላይ መደገፍ አለበት። ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ የመንኮራኩሩ ውፍረት ከፍላንጅ መተላለፊያው ስፋት ቢያንስ ሁለት እጥፍ መሆን አለበት። የተለመደው መተላለፊያ 1.27 ሚሊሜትር ቢሆን እጥፉ 2.54 ነው፤ 2.79 ውፍረት ያለው መንኮራኩር ያልፋል፣ 2.24 ያለው ግን ጉድጓዱ ውስጥ ዘፍ ይላል። ሎኮሞቲቩ በየመገንጠያው «ቋ» እያለ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

ለኮድ 88 መተላለፊያው ከ1.12 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። በሌላ በኩል በጣም ካጠበባችሁትም አክስሉ ይጣበቃል፤ ምክንያቱም የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሲሆን ከግራና ከቀኝ መተላለፊያዎቹ ሲቀነሱ የሚቀረው ከመንኮራኩሮቹ ጀርባ ለጀርባ ርቀት ማነስ አለበት። 16.5 ሲቀነስ 1.1 ሲቀነስ 1.1፣ 14.3 ይሆናል፤ መንኮራኩሮቻችሁ 14.4 ከሆኑ በ0.1 ሚሊሜትር ያልፋሉ። መተላለፊያው 1.05 ቢሆን ኖሮ ምንም ትርፍ አይኖርም ነበር። ስለዚህ ዒላማችሁ 1.1 ነው፤ ከዚያ ወዲህም ወዲያም ያለው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው።

መተላለፊያውን ማጥበብ ከባድ አይደለም። በመቆራረጫው በኩል ባለው የክንፍ ሐዲድ ውስጠኛ ጎንና በተቃራኒው በኩል ባለው የመጠበቂያ ሐዲድ ላይ፣ ፍላንጁ በሚያልፍበት በኩል፣ ስስ የፕላስቲክ ሉህ ለጥፉ። 1.3 ከሆነ 0.2 ሚሊሜትር ያህል በቂ ነው። ሙጫው ከደረቀ በኋላ ከሐዲዱ አናት በላይ የቀረውን በሞረድ አስተካክሉና እንደገና ለኩ። አንዳንዶች በዚህ ፈንታ የመቆራረጫውን ወለል ሞልተው መንኮራኩሩ በፍላንጁ ጫፍ ላይ እንዲንከባለል ያደርጋሉ። ሁሉም ባቡሮቻችሁ አንድ ዓይነት የፍላንጅ ጥልቀት ካላቸው ይሠራል፤ ጥልቅና ጥልቅ ያልሆነ ከተቀላቀለ ግን ጥልቁ ወደ ላይ እየተነሣ ከሐዲድ ይወጣል።

መገንጠያዎቹን የመለወጥ ሐሳብ ከሌላችሁ የመንኮራኩሩን ውፍረት አትንኩ፤ ፍላንጁን ብቻ ወደ 0.64 ሚሊሜትር ዝቅ አድርጉ። ያም ቢሆን ሞዴሉን ብዙ ያሳምረዋል፤ ዝቅተኛ ሐዲድ ላይ ያሉትን የሐዲድ መያዣዎችም መምታት ያቆማል።

መግዛት ወይስ መቁረጥ

ለሎኮሞቲቫችሁ የተዘጋጀ ቀጭን የመንኮራኩር ስብስብ ካገኛችሁ ግዙ። ለአሜሪካ ዓይነት ሎኮሞቲቮች ኖርዝ ዌስት ሾርት ላይን የተባለው ድርጅት እንዲህ ያሉትን ሲያቀርብ ኖሯል። ስትገዙ አራት ነገር አረጋግጡ፦ የመርገጫው ዲያሜትር፣ የአክስሉ ውፍረት፣ የማርሹ ጥርስ ብዛትና የትኛው በኩል ከኤሌክትሪክ የተለየ እንደሆነ። ለ218 የመርገጫው ዲያሜትር 11.5 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ እንደ 140 ዓይነት ላለው የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ፣ እውነተኛው 1,250 ስለሆነ፣ 14.4 ነው።

የሚስማማ ካላገኛችሁ ያለውን መቁረጥ ይቀራል። ለዚህ ትንሽ የጠረጴዛ ቶርኖ ያስፈልጋል። ቶርኖ የሌለው ሰው መንኮራኩሩን በትራፓኖ ላይ አስሮ በሞረድ እንዲሠራ የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ሁለት መንኮራኩሮች በ0.05 ሚሊሜትር ቢለያዩ ሎኮሞቲቩ ወደ አንድ ጎን ይስባል፤ በእጅ የተያዘ ሞረድ ደግሞ ያን ያህል አይታመንም። ቶርኖ ያለው ወዳጅ ወይም የእጅ ሥራ ማኅበር ፈልጉ።

መንኮራኩሩ ከምን እንደተሠራም እወቁ። ነሐስ እንደ ቅቤ ይቆረጣል። ኒኬል የተቀላቀለበት ነጭ ነሐስ ከሁሉ ይሻላል፣ ከተቆረጠ በኋላም አይለወጥም። በቀረጻ የተሠራ የዚንክ መንኮራኩር ግን ሲቆረጥ ይሰባበራል፣ ውስጡም ቶሎ ይቆሽሻል፤ እሱን በመግዛት ተኩት። በማግኔት ፈትኑ፤ ከሳበው ብረት ነው፣ ቶርኖውን ዝግ ማድረግ ይኖርባችኋል።

መፍታት

ነጭ ጨርቅ አንጥፋችሁ ሥሩ፤ የሚጠፋ ትንሽ ብሎን ጨርቅ ላይ ይታያል። የቦጊውን የታች ክዳን በትንሽ ካቻቢቴ ፍቱ፣ አክስሎቹን አውጡ፣ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ፎቶ አንሡ። እያንዳንዱን መንኮራኩር በአክስሉ ቁጥርና በጎኑ ምልክት አድርጉበት፦ አንደኛ ግራ፣ አንደኛ ቀኝ፣ እያላችሁ። መንኮራኩሩን ከአክስሉ በመጎተቻ መሣሪያ አውጡ፤ በካቻቢቴ መፈልቀቅ የፕላስቲክ ማርሹን ይሰነጥቃል፣ አክስሉንም ያጣምማል።

የጎማ ቀለበት የገባባቸውን መንኮራኩሮች ለዩ። የቀለበቱ ቦይ መርገጫው መካከል ስለሆነ ውፍረቱ ሲቀነስ የሚቀረው የውጭ ጠርዝ እንደ ወረቀት ይሳሳል። በቦይ አልባ መንኮራኩር ተኩትና የጠፋውን የመሳብ ኃይል በክብደት ካሱ፤ በሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ ባዶ ቦታ አይጠፋም፣ እርሳስ ወይም ተንግስተን ይገባበታል። ጎማ የሌለው ሎኮሞቲቭ ሌላም ጥቅም አለው፤ ስምንቱም መንኮራኩሮች ኤሌክትሪክ ይወስዳሉ፣ ዝግ ብሎ ሲሄድ አይንገዳገድም።

ቶርኖው ላይ

መነጽር አድርጉ፣ እጅጌያችሁን ጠቅልሉ፣ ጓንት አውልቁ። የቶርኖውን መያዣ መንጋጋ ቁልፍ ከእጃችሁ ሳትለዩ አስራችሁ አውጡት እንጂ መንጋጋው ላይ ትታችሁ ሞተሩን እንዳታስነሡ።

ስምንት ሚሊሜትር የብረት ዘንግ መንጋጋው ላይ እሰሩና ጫፉን በመንኮራኩሩ ቀዳዳ ልክ ቅረጹ፤ መንኮራኩሩ በጥብቀት የሚገባበት፣ ጀርባው የሚደገፍበት ትከሻ ያለው ይሁን። ጫፉን ቀዳችሁ ጥርስ አውጡለትና መንኮራኩሩን በትንሽ ብሎንና ከእምብርቱ በማይሰፋ ሮንዴላ እሰሩት። ይህ ዘንግ ስምንቱም መንኮራኩሮች እስኪያልቁ ድረስ ከመንጋጋው አይወጣም። አንድ ጊዜ ወጥቶ ከተመለሰ መሃሉን ይስታል፤ መሃሉን የሳተ መንኮራኩር ደግሞ እንደሚያነክስ ሰው ይሄዳል። መንኮራኩሩን በሙጫ አጣብቆ በሙቀት ማላቀቅ የሚባል ዘዴ አለ፤ የፕላስቲክ መለያ ያለባቸውን መንኮራኩሮች ግን ሙቀት ያበላሻቸዋል።

ለነሐስ በደቂቃ 1,500 ዙር፣ ለብረት ከግማሹ በታች ጥሩ ፍጥነት ነው። የመቁረጫው አናት ለነሐስ ጠፍጣፋና በጣም ስለታም ይሁን፤ ወደ ኋላ የተዘነበለ ስለት ነሐስን ይነክሳል።

መጀመሪያ ፍላንጁን ዝቅ አድርጉ። የመርገጫው ዲያሜትር 11.5 ከሆነ የፍላንጁ ጫፍ ዲያሜትር 11.5 ሲደመር ሁለት ጊዜ 0.64፣ ማለትም 12.78 ሚሊሜትር ይሁን። ፋብሪካው ለጥልቅ ፍላንጁ ቦታ ለማግኘት ሲል መርገጫውን አሳንሶት ከሆነ በመቁረጥ የሚመለስ ነገር የለም፤ ልዩነቱን መቀበል ወይም አዲስ መግዛት ነው።

ቀጥሎ የውጭውን ፊት ቁረጡ፤ በአንድ ጊዜ ከ0.1 ሚሊሜትር ሳታልፉ በጠቅላላው 0.55። ከጀርባ በኩል እንዳትቆርጡ አደራ። ኤሌክትሪክ የሚወስዱት የነሐስ ምላሶች የሚነኩት ጀርባውን ነው፤ እሱ ካልተነካ ምላሶቹም ጀርባ ለጀርባ ርቀቱም እንደነበሩ ይቆያሉ። የውጭው ፊት ላይ የነበረው ጠርዝ ከ0.55 ያነሰ ከፍታ ከነበረው ግን ፊቱ ለጥ ያለ ሳህን ይሆናል፤ የመንኮራኩሩን መሃል በቀጭን ስለት ጥቂት ጎድጎድ አድርጋችሁ ጠርዙን እንደገና አውጡት። ይህን እርምጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ መዝለሉ ግን ሥራውን ሁሉ ያደኸያል።

አሁን ወደ ቅርጹ። የመርገጫው ዘንበልታ 3 ዲግሪ እንዲሆን መቁረጫውን የያዘውን የላይኛውን ተንሸራታች አዙሩ። ይህ ለጌጥ አይደለም፤ በእውነተኛ ባቡር ላይ የተለመደው 1 ለ 20 ዘንበልታ 3 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነው፣ አክስሉን ወደ ሐዲዱ መሃል የሚመልሰውም እሱ ነው። መርገጫውና ፍላንጁ የሚገናኙበት ማዕዘን ስለታም እንዳይሆን፣ ጫፉ ክብ በሆነ መቁረጫ አለስልሱት። ስለታም ማዕዘን ካለ ፍላንጁ ኩርባ ላይ ሐዲዱን ነክሶ ይወጣል፤ ዝቅተኛ ፍላንጅ ሐዲድ ላይ የሚቆየው በዚህ ክብ ማዕዘን ነው። በመጨረሻ የፍላንጁን ጫፍ በጥሩ ሞረድ ክብ አድርጉ፣ የመርገጫውን የውጭ ጠርዝ በትንሹ ስበሩ፣ በ1,000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ስምንቱም መንኮራኩሮች ከመርገጫው ተመሳሳይ ቦታ ላይ ሲለኩ ከ0.02 ሚሊሜትር በላይ መለያየት የለባቸውም።

ቀለምና መግጠም

የሚያብረቀርቅ ነሐስ ዓይን ይወጋል። በማጥቆሪያ ፈሳሽ ወይም በጥቁር ቡናማ ቀለም የውጭውን ፊት ብቻ ሸፍኑ። መርገጫውና ጀርባው ንጹሕ ብረት ሆነው ይቅሩ፤ ቀለም ከነካቸው ኤሌክትሪክ አይተላለፍም። ከማቅለማችሁ በፊት ቅባቱን በአልኮል ማጠብ አትርሱ።

መንኮራኩሩን ወደ አክስሉ ስትመልሱ ሞርሳ ተጠቀሙ፤ በመዶሻ አትምቱ። ለአክስሉ ጫፍ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም ቁራጭ መሃል አስገቡና ቀስ እያላችሁ አጥብቁ። በየሩብ ዙሩ ለኩ። ጀርባ ለጀርባው 14.4 ሲደርስ አክስሉን በጣታችሁ አሽከርክሩና ከብርሃን አቅጣጫ ተመልከቱ፤ መንኮራኩሩ ቢወዛወዝ አውጥታችሁ እንደገና ግፉት። መልቲሜትር በሁለቱ መንኮራኩሮች መካከል ምንም መተላለፍ ማሳየት የለበትም።

ቦጊው አሁን ከመንኮራኩሮቹ ፊት ለፊት ባዶ ክፍተት ይኖረዋል። የጎን ሽፋኖቹ የሚታሰሩበትን ቦታ በግራም በቀኝም ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ሞርዳችሁ ወደ ውስጥ አስጠጓቸው። የልፋታችሁን ዋጋ የምታዩት ከዚህ በኋላ ነው።

ሙከራ

ቦጊውን ብቻውን፣ ያለ ሞተር፣ በጣታችሁ እየገፋችሁ በመገንጠያው ላይ አሳልፉት። ጆሮ ከዓይን ይቀድማል፤ መውደቅ ካለ ትሰሙታላችሁ። ከዚያ ሎኮሞቲቩን ገጣጥማችሁ በዝቅተኛ ፍጥነት በሁለቱም አቅጣጫ አስኪዱ። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ከወጣ መንኮራኩሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ሐዲዱን ተመልከቱ። ዝቅተኛ ፍላንጅ ጠባብ ኩርባን ይችላል፤ የማይችለው አንዱ ሐዲድ ከሌላው ከፍ ብሎ የተጠማዘዘበትን መጋጠሚያ ነው።

በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ላይ ሥራው ይለያል። የግራና የቀኝ መንኮራኩሮች ማገናኛ ዘንጎች በ90 ዲግሪ ስለሚለያዩ አንዱን ከአክስሉ ካወጣችሁ ማዕዘኑ ይጠፋል። ያለ ማዕዘን ማስተካከያ መሣሪያ አታውጡት፤ አክስሉን እንዳለ ይዛችሁ ፍላንጁን ብቻ ዝቅ አድርጉ። ራጂዎቹ ቀጫጭን ስለሆኑም በአንድ ጊዜ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ አትቁረጡ።

ስለ አንድ ሜትር ሐዲድ

ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ መስመር 1,435 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ስለሆነ ለሞዴሉ የተለመደው 16.5 ሚሊሜትር ሐዲድ ይበቃል፣ ከላይ ያሉት ቁጥሮችም በቀጥታ ያገለግላሉ። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ባቡር ግን የአንድ ሜትር ሐዲድ ነበረው። ያንን በ1 ለ 87 መሥራት ለሚፈልግ፣ እኔ ራሴ አንዱ ነኝ፣ የሚሸጠው ሐዲድ 12 ሚሊሜትር ነው፤ ትክክለኛው 11.49 መሆን ነበረበት። ሐዲዱ ራሱ ግማሽ ሚሊሜትር ስለሰፋ ወፍራም መንኮራኩር ሲጨመርበት ስህተቱ ይደራረባል። በዚህ ልክ ውፍረትን መቀነስ ከ16.5ቱ ይልቅ ይበልጥ ይታያል።

ለዚህ ሥራ ከማንም መጽሐፍ የሚሻል ምንጭ አለ። ድሬዳዋ በሚገኘው የባቡር ጣቢያና የጥገና ግቢ አሮጌ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ቆመዋል። ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ ፈቃድ ጠይቃችሁ ሜትርና ደብተር ይዛችሁ ግቡ። የመንኮራኩሩን ውፍረት፣ የመርገጫውን ዲያሜትር፣ የፍላንጁን ቁመት፣ የጀርባ ለጀርባውን ርቀትና ከውጭ ፊት እስከ ውጭ ፊት ያለውን ስፋት ጻፉ፤ የራጂዎቹን ብዛትም ቁጠሩ። ያረጀ መርገጫ ተበልቶ ስለሚሳሳ ከአንድ በላይ አክስል ለኩ፣ ከሁሉም ትልቁን ዲያሜትር ያዙ። ከዚያ ለ87 አካፍሉ።